ሰባት ወንበር አይበቃውም

«የዚያችን ሴትዮ ገጽ ብናወጣውስ፣ እትዬ? መጽሐፉን እኮ ያበላሽብናል። ጠረጴዛሽን ሰባት ወንበር አይበቃውም ተብሎ ተጽፎ፣ ሰው ቆጥሮ አንዲት ልጅ ብቻ ሲያገኝ ምን ይላል? የሰው መሳቂያ ነው የምንሆነው።»

አራሚዋ ይህን የሰማችው ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳ ተደግፋ ጫማዋን በማውለቅ ላይ ሳለች ነው። «ያቺ ሴትዮ» የተባለችው እናቷ ናት፤ «አንዲት ልጅ ብቻ» የተባለችው ደግሞ ራሷ። ተናጋሪዋን ለማወቅ በሩን መክፈት አላስፈለጋትም። ከዘመዱ ሁሉ ምስጢር የምታወራ መስሏት ጎረቤት የምታሰማ የአጎቷ ልጅ ባለመድኃኒት ቤቷ ብቻ ናት። አራሚዋ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አጠለቀችና ገና እርጥበቱ ባልደረቀው ወለል ላይ ከነጫማዋ ገባች። ባለመድኃኒት ቤቷ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች፤ ከዚያ ከእሷ በሚጠበቀው ፍጥነት ፈገግታዋን አስተካክላ፣ «እሰይ መጣሽ! አሁን አንቺን እያነሳን ነበር» አለች።

«ሰማሁ» አለች አራሚዋ።

እትዬ በመስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ድመት አቅፈዋል። የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጡት ዘመዶች እንኳ እትዬ ነው የሚሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ መስኮት ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ያለ ሰፈር ይሻላል እያለ ሲመክራቸው፣ ከዚያው መናኸሪያ ፊት ለፊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ይህችን አንድ ክፍል ተከራዩ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ወንበርና መናኸሪያው አለ፤ ሌላ የለም። ከታች የጥሩምባ ድምፅ በመጣ ቁጥር የየት አውቶቡስ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ዐይናቸው ከጨለመ ወዲህ ደግሞ ተሳስተዋል ብሎ የሚከራከራቸው የለም።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ወደ እትዬ ይወሰዳል። የሕፃኑን ተረከዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው ዝም ይላሉ። አንዳንዴ ዝምታው ረዝሞ እናትየዋ መቁነጥነጥ ትጀምራለች። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ አይደግሙትም። ሙሽራ ከሆነች የእጇን አንጓ ነው የሚይዙት። የተናገሩት ነገር «ቃል» ይባላል፤ ቃሉ የልጁ ነው፤ ቤተሰቡ በየተሰበሰበበት ያነሳዋል፣ ያሳድገዋል፣ ሲያስፈልግም ይሸራርፈዋል። አምና አንድ ጎረምሳ «ለእኔ የተባለው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አባቱ አንድ ነገር፣ እናቱ ሌላ ነገር አሉት። እትዬ ሁለቱንም ሰምተው ሁለቱም ውሸት ነው አሉና፣ «ከእኔ አፍ ሳይወጣ በየቤታችሁ የሚዞር ስንት አለ? አፍ ይሞታል፤ ይጻፍ» ብለው ወሰኑ። እሑድ እሑድ አራሚዋን እያስቀመጡ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሁሉንም፣ አንድም ሳያጓድሉ አስጻፏት። ዘመዱ አዋጥቶ ወረቀት ተገዛ። መጽሐፉ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከሰዓት በኋላ የማተሚያው ቆርቆሮ፣ ፕሌቱ፣ ከወጣ ወዲያ አንድ ነጥብ መለወጥ አይቻልም።

አራሚዋ ራሷ በእነዚህ ነገሮች አታምንም። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስታቲስቲክስ ነው። ተወልዳ ተረከዟ ሲያዝ የተነገራት ቃል «የሰው ስሕተት ያኖርሻል» የሚል ነበር፤ ሥራ ፍለጋ በር ስታንኳኳ ኖራ በመጨረሻ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ስትቀጠር ዘመዱ ሁሉ ደረሰ ብሎ አጨበጨበ። እሷ ግን ደረሰ አትልም፤ «ሌላ ሥራ አጥቼ ነው» ነው የምትለው። ዛሬ የመጣችው አንድ ነገር ጠይቃ በፍጥነት ለመሄድ ነው፤ የምትጠይቀውም ባለመድኃኒት ቤቷ የጠየቀችው ያንኑ መሆኑ ጥርሷን አስነከሳት።

«እትዬ፣ የእናቴ ገጽ ይውጣ። ራሷ ናት የለመነችኝ። ትናንት እሺ ብያታለሁ።»

«እሷ ለምን አልመጣችም?»

«ደረጃው ይከብዳታል።»

«በሃያ ዓመት ትበልጠኝ ይመስል» አሉ እትዬ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ስሚ ልጄ፣ እኔ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። አውቶቡሱን አልነዳሁም። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ፣ ትኬቱን ቀድጄ ቀድሞም አልቆረጥኩም ልበል?»

«ሰው ግን ገንዘቤን መልሺ ሊል ይችላል፣ እትዬ።»

ባለመድኃኒት ቤቷ ሳል ቢጤ አሰማች። እትዬ ግን ሳቁ። «ይችላል። አንድም ቀን ሳይሉኝ አልቀሩም።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «የደረሰው ወሬ ነው። ሰው ሰምቶ እሰይ ይልና ይረሳዋል። ገና ያልተወለደው ልጅ ይህን መጽሐፍ ከፍቶ ሁሉ ነገር አልቆ፣ ሁሉ ነገር ተበልቶ ቢያገኘው ምን ያደርግለታል? ያልተነካ ነገር ተዉለት እንጂ። አይወጣም። አንድ ፊደል አይወጣም።»

ደረጃው ላይ ባለመድኃኒት ቤቷ ተከትላ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘች። «ዐይናቸው እንደሁ አያይ። ዝም ብለሽ ብታወጪው ማን ያውቃል? ለእናትሽም ለእኛም ዕረፍት ነው።» ሁለት ደረጃ ከወረዱ በኋላ ጨመረች፤ «ደግሞ... የእኔ ገጽ ላይ ሁለተኛዋ መስመር፣ እሷን ነገር... ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ፣ የሌላው ሰው ሁሉ ደርሶ የእኔ እሷ ብቻ ናት የቀረችው። ታወጪልኛለሽ አይደል?»

አራሚዋ ክንዷን አስለቅቃ ወረደች። መንገዱን ስታቋርጥ የእናቷ ልመና ከባለመድኃኒት ቤቷ ልመና ጋር አንድ መምሰሉ አበሳጫት። እናቷ ቃሉ እንዲወጣላት የፈለገችው መሳቂያ እንዳትሆን አይደለም። ነገሩ ጠረጴዛው ነው። እናትና አባቷ በተጋቡ ሰሞን፣ እትዬ የሙሽራዪቱን አንጓ ይዘው «ጠረጴዛሽን ሰባት ወንበር አይበቃውም፤ ልጆችሽ ቆመው ይጠብቃሉ» ሲሉ፣ አባቷ ከደስታው ብዛት በሳምንቱ እንደ ድግስ አዳራሽ ጠረጴዛ ያለ ግዙፍ ጠረጴዛ ገዝቶ መጣ። በበሩ አልገባ ብሎ የበሩ መቃን ተነቀለ። ከዚያ አራሚዋ ተወለደች። ከዚያ ማንም አልተወለደም። በየዓመቱ የሚመጣ ዘመድ ጠረጴዛውን እየመታ «ገና ስድስት ይቀርሻል እኮ!» ይላል፤ ቀልዱ መሆኑ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እየሳቀች ሻይ ታቀርባለች፣ ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ትዘረጋና ትቆርጣለች። አባቷ ገና ሳይሸብት ሲሞት፣ ለለቅሶ የመጡትን እትዬን እናቷ በሰው ሁሉ ፊት «ወንበሮቹን ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጠብ አይባልም፤ በበዓል በአራሚዋ በኩል ሰላምታ ይላላካሉ። እናትየዋ ለእትዬ የክረምት ሹራብ ትልካለች፣ እትዬ ይለብሱታል። ደረጃውን ግን እናትየዋ አትወጣም፤ እትዬም የቤቷን ደፍ አልረገጡም።

ማተሚያ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ሳይደርሱ የቀለሙ ሽታ ይቀበላል። የሰርግ ጥሪ፣ የፈተና ወረቀት፣ የደረሰኝ ጥራዝ ያትማሉ። ፎርማኑ ጠዋት ከገባ ጀምሮ ስለ ወረቀት ዋጋ ያማርራል፤ ትናንት የሰማው ዋጋ ለዛሬ እንደማይሠራ፣ ዛሬ የሚሰማው ለነገ እንደማይሠራ እየተናገረ፣ የሚነግረው ሰው ሲያጣ ለማሽኑ ይነግረዋል። አራሚዋ ጥግ ያለችው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ንባብ ጀመረች። ገና አንድ ገጽ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። ሹፌሩ አጎቷ ነው፤ የባለመድኃኒት ቤቷ አባት።

«የኔ እመቤት፣ ምሳ እየበላሁ ነው፣ በአጭሩ ልንገርሽ። የእኔ ገጽ ላይ ‹ከደመና በላይ ትውላለህ› የምትል አለች አይደል?»

«አለች።»

«እሷን ‹ከመንገድ በላይ› ብትያት ምን ይመስልሻል?»

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እኮ ከመንገድ በላይ ነው የሚውለው።»

«እንግዲያው እውነት ነዋ!» አለ አጎትየው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀልዱን ተዪውና፣ ለማንም እንዳትነግሪ። የሁሉም ሰው ደርሶ፣ እኔ ብቻ አውቶቡስ ነጂ ሆኜ ስቀር ልጆቼ ቢያነቡት ደስ አይለኝም። ለእነሱ ብዙ ሰው ታደርሳለህ ነው የተባልኩት ብያቸዋለሁ።»

«እትዬን ይጠይቋቸው።»

«እሳቸውንማ እፈራለሁ» ብሎ ዘጋ።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሌሎችም ደወሉ። አንዷ ባሏ አጠገቧ ስላለ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። አንዱ ስሙን እንኳ ሳይናገር «ያንን ነገር... ታውቂያለሽ» ብሎ ብቻ ለመነ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አሉ፤ የሌላው ሁሉ ደርሷል፣ የቀረው የእኔ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ። አራሚዋ ለማንም አልተናገረችም፤ ለምን እንደምትናገርም አልታያትም። ስትጽፍም ስታርምም የደረሰው ከግማሽ በታች እንደሆነ አውቃዋለች። ለእሷ ይህ የሚገርም ቁጥር አይደለም፤ ወደፊትን የሚገምት ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ሁሉንም እትዬን ጠይቁ አለቻቸው፤ አንድም የጠየቀ የለም።

የእናቷ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እትዬን አልጠየቀችም። ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘችው። ቶሎ አደረገችው፤ የታመመ ጥርስ እንደሚነቀለው። እናቷ ዛሬ ጠዋት በዚያ ሰፊ ጠረጴዛ አንድ ጥግ ሻይዋን ይዛ፣ «ዛሬ ነው?» ብላ ነበር የጠየቀቻት። «ዛሬ ነው።» «ይወጣል ብለሻል።» «ይወጣል እማዬ።» እትዬን መዋሸቱን አራሚዋ አልወደደችውም፤ እናቷን መዋሸት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ከሁለት አንዱ ነው፤ መረጠች።

«ባዶ ይሁን?» አለ ፎርማኑ የተሰረዘውን አይቶ።

«ባዶ ይሁን።»

«በዚህ የወረቀት ዋጋ ባዶ ታሳትማላችሁ? ባለ ጠጋ ዘመድ አለሽ።»

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ናሙና ወጣ፤ አራሚዋ የእናቷን ገጽ እሱም ላይ በቀይ ደግማ ሰረዘችው። መጽሐፍ ሲታተም ገጾቹ አንድ በአንድ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አንድ ላይ ሰፊ ሉህ ላይ ይታተማሉ፣ ኋላ ሲታጠፍና ሲቆረጥ ነው ተራ የሚይዙት። ስለዚህ ሉሁ ላይ ሲታዩ የመጀመሪያው ከመጨረሻው ጎን ነው፤ ግማሾቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግማሾቹ በግንባራቸው ተተክለዋል። አራሚዋና ፎርማኑ ሉሁን ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጥጎቹን በመለጠፍ ላይ ሳሉ እናቷን በሩ ላይ ቆማ አገኟት። የልብስ መለኪያዋን ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች መጥታለች። ከቤቷ አንድ መንገድ ያህል ቅርብ ቢሆንም እዚህ ቤት መጥታ አታውቅም።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ዐይኔ ካላየ ልቤ አያምንም ብዬ ነው።» ፎርማኑን ሰላም አለችው፤ ወንበር ሲያቀርብላት አልተቀመጠችም። «የቱ ጋ ነው?»

አራሚዋ «ወዲያ በኩል ነው» ብላ በእጇ አመለከተች። እናትየዋ ግን የተዘረጋ ነገር ስታይ በወዲያ በኩል ብቻ የምታይ ሴት አይደለችም። ጨርቅ ይመስል ከጥጉ ጀመረች፤ መዳፏን በሉሁ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ የተገለበጠው ገጽ ሲደርስባት አንገቷን እያጠመዘዘች ጠረጴዛውን መዞር ያዘች። አራሚዋ ሰዓቷን አየች። ፎርማኑም የእሱን አየ።

«‹ከደመና በላይ ትውላለህ›» አነበበች እናትየዋ። ቆመች። «ይሄ የማነው? የሹፌሩ ነው?»

«ያንቺ እኮ ወዲያ ነው እማዬ።»

«ብዙ ሰው ታደርሳለህ ነው የተባልኩት ይል አልነበር? በድግሱ ሁሉ ብድግ እያለ?» ሳቋ አመለጣት፤ በሜትሩ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ወይ ጉድ! አብራሪ!» አንድ እርምጃ ሄደች። «‹አንደበትሽ ጠላት ያስታርቃል።› ይቺስ? ባለመድኃኒት ቤቷ? ሬሳ ከሬሳ የምታጣላዋ?» አሁን ሳቁ ሆዷን አስያዛት፤ ፎርማኑም ባለመድኃኒት ቤቷን ባያውቃትም ሳቀ። ሌላ ገጽ አነበበች፣ ሌላም። አንዱ ላይ «ይህስ ደርሶለታል፣ እግዜር ይመስገን» አለች። ሌላው ላይ ራሷን ነቀነቀች። ሳቁ እያነሰ እያነሰ ሄደና በመጨረሻ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ሁሉም ነው እንዴ?»

«ሁሉም አይደለም። ብዙው።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም?»

«እያንዳንዳቸው ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኛል። አንቺም ብለሻል።»

እናትየዋ በሉሁ ላይ ተደገፈች። አራሚዋ እናቷ ምን እያሰበች እንደሆነ ታውቃለች፤ እነዚያን ጠረጴዛ የሚመቱ እጆች ነው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ያልደረሰ ቃል ቤታቸው ቆልፈው እየመጡ ነበር ማለት ነው፣ ገና ስድስት ይቀርሻል የሚሉት። ስታስበው እሷን አናደዳት፤ የእናቷ ፊት ላይ ግን ቁጣ አላየችም። እዚያ ፊት ላይ ያለው ከባድ ዕቃ ለብቻዋ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት፣ ዘወር ብላ መንገዱ ሁሉ ተሸካሚ መሆኑን ስታይ የሚኖራት ዓይነት ነገር ነበር።

ከዚያ የራሷን ገጽ አገኘችው። በቀይ የተሰረዘ። «ይሄው» አለች አራሚዋ፤ «ወጥቷል። ባዶ ነው የሚሆነው።» እናትየዋ ግን ዐይኗ ከሥረዛው አልፎ፣ ከገጿ ራስ በላይ በተገለበጠው ገጽ ላይ ወድቋል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚራራቁ ገጾች በሉሁ ላይ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። አንገቷን አጠመዘዘች፤ አልተነበበላትም። ጠረጴዛውን ዞራ በወዲያ በኩል ቆመች። «ጢምህ ይነጣል፤ የልጅ ልጅህ እየጎተተው ያስቅሃል» ይላል። የባሏ ስም ከበላዩ አለ።

ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች።

«ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም» አለች።

«የእትዬ የመጀመሪያ ቃል ነው» አለች አራሚዋ። «እሱ ሲወለድ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ሕፃኑን ያዢ ተብለው ተረከዙን እንደያዙ ነው የመጣላቸው። ሲያጽፉኝም በዚህ ነው የጀመሩት።»

«ይህንንስ አውጪው አላሉም?»

«አላሉም። የማንም አይወጣም ነው ያሉት።»

እናትየዋ ደረቷ ላይ የተሰካውን መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካችው። አራሚዋ ጊዜው እየሄደባት፣ ነገሩም እየከበዳት፣ አንድ የሚያቀል ነገር ፈለገች። «እማዬ፣ ወንበር ማለት እኮ... እዚያ ጠረጴዛሽ ላይ ስንት ሰው ልብስ እንደተቆረጠ ብታስቢው፣ በአንድ መልኩ...»

«አትተርጉሚልኝ» አለች እናትየዋ፤ ድምፅዋ ግን አልተቆጣም። «ልጅ ማለት ልጅ ነው። አልተወለዱም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እሺ። ታዲያ እንደተሰረዘ ይቅር?»

እናትየዋ ወደ ራሷ ገጽ ተመልሳ ዞረች። በአውራ ጣቷ ቀዩን ሥረዛ አሸት አሸት አደረገችው፣ የሚለቅ ይመስል። «ይግባ» አለች። «ግን እንዲሁ አይገባም። እንዲሁ ከገባ፣ ነገ የሚያነበው ልጅ ወይ ደረሰላት ይላል፣ ወይ ውሸታሞች ነበሩ ይላል። ልብስ ለለካሽለት ሰው ካልሆነው አይቀደድም፤ ለታናሹ ይቀመጣል። ሥሩ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ‹ለእኔ አልደረሰም። ለሚመጣው ተላልፏል።›» ከዚያ በጎን አየቻት። «ለሚመጣው ስል አንቺን ማስቸኮሌ አይደለም።»

«እማዬ!»

«ምን አልኩ?»

ፎርማኑ እጁን አነሳ። ቃል መሰረዝ ሌላ ነው፣ ቃል መጨመር ሌላ ነው አለ፤ አንድ ጊዜ የሙሽራዋ አጎት ነኝ ያለ ሰው በሰርግ ጥሪ ላይ ስሙን አስጨምሮ ሙሽራው በድንጋይ ሊፈነክተው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ በገዛ አፉ ካልነገረው አንዲት ቃል እንደማይጨምር አስረዳ። የዚህ መጽሐፍ ባለቤት ደግሞ ያስጻፉት ትልቋ እመቤት ናቸው። አራሚዋ ልትከራከር አፏን ስትከፍት እናቷ እጇን ዘረጋች።

«ስልኩን ስጪኝ።»

«እኔ ልንገራቸው...»

«ስጪኝ አልኩ።»

አራሚዋ ደወለችና አቀበለቻት። ፎርማኑ ሳይጠየቅ ሄዶ ማሽኑን አጠፋው፤ ቤቱ በአንዴ ሰፋ። ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው የመናኸሪያው ጥሩምባ ነው፣ ከዚያ የእትዬ ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

የየት አውቶቡስ እንደሆነ ያልታወቀ አንድ አውቶቡስ በሁለቱ መካከል አለፈ።

«ጤናሽን ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። እርስዎስ? ዐይንዎ?»

«ጭጋግ ነው። ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ልክ ነው።»

«ረዝሞብዎታል ብዬ ነበር።»

«ልክ ነው አልኩሽ። ምን ትሰፊያለሽ ሰሞኑን?»

«መጋረጃ። ለትምህርት ቤት።»

«መጋረጃ ደግ ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ነው።»

«አዎ፣ ቀጥ ያለ ነው።» እናትየዋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እትዬ፣ ገጼን ላስወጣ ነበር የመጣሁት።»

«እሺ።»

«ልጅቷም አውጥታልኝ ነበር። እርስዎን ደብቃ።»

አራሚዋ ዐይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። «እሺ» አሉ እትዬ። «እንደምታወጣው ነግራኝ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ።»

«አላስወጣውም። ግን ሥሩ ላይ አንድ ነገር ይጨመርልኝ።» እናትየዋ ያለችውን ደገመችላቸው፤ ለእኔ አልደረሰም፣ ለሚመጣው ተላልፏል። ቃሉን ስትናገር የልብስ ልኬት የምታነብ ያህል ዝግ ብላ ነበር። ፎርማኑ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ድገሚልኝ» አሉ እትዬ።

ደገመችላቸው።

«ይጨመር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ከስልኩ የራቁ ያህል ቀጠነ። «በወንድሜም ገጽ ሥር ይህንኑ ጻፊለት።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሽ ሚስቱ። እኔማ እንዴት ብዬ እንደምጨርሰው ጠፍቶኝ ነው እንዲሁ የተውኩት። ስንት ጊዜ ልጅቷን ላስጽፋት ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። እሱ አንቺን ሲያገኝ ሮጦ የመጣው ወደ እኔ ነው፤ ልጅ እያለን እንኳ እንዲያ ሲሮጥ አላየሁትም። ልብሽን እንዲህ አከብደዋለሁ ብዬ አልነበረም አንጓሽን የያዝኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየዋ። «አውቃለሁ፣ እትዬ።»

አራሚዋ ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠቻት። እናትየዋ የቆመችው ለመጻፍ በማይመች አኳኋን ነበር፤ ስልኩን ልጇ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፣ እሷ ጠረጴዛውን ዞራ በባሏ ገጽ ላይ ጎንበስ አለች። ከሥር የሚመጣው ብርሃን አገጯን አበራው። መጀመሪያ በግራ እጇ ወረቀቱን ዳበሰችው፣ እጥፋት ያለበት ይመስል። ከዚያ ‹ለእሱ› ብላ ጀመረች፤ ፊደሎቿ ትልልቅና እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው፣ ጨርቅ ላይ በኖራ እንደምትጽፋቸው።

«ጻፍሽው?» አሉ እትዬ።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ቀስ ብለሽ» አሉ። «አልዘጋም።»